የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ጨዋ ልጅ ነው» ከማለት በፊት

ባለፉት ሳምንታት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያቸው ካሉ ወረዳዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ ጨቅላ ሕፃናት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን መርጬ አቅርቤአለሁ። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ለዚህ ዓምድ የተጻፈ ደብዳቤ ታትሞ እስኪወጣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ የአራስ ልጅ ሕመም ደግሞ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ልጃችሁ ዛሬ ጡት እምቢ ካለ ለእኔ አትጻፉልኝ፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ደብዳቤውን ሲሻለው ትጽፉታላችሁ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በ9ኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሣ ይጠባ የነበረው ልጅ አንድም ጊዜ ሳይነቃ አደረ። አማቴ ‹ጨዋ ልጅ ነው፣ አትቀስቅሺው፣ አንቺም ዕረፍት አድርጊ› አሉኝ፤ እኔም ድካም ስለነበረብኝ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጡቴን ብሰጠው ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ሆስፒታል ስንደርስ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ተባልን። 10 ቀን ተኝቶ በመርፌ ታከመ፤ ዛሬ አራት ወሩ ነው፣ ደህና ነው። ነገር ግን እስከ አሁን የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ አላተኮሰውም፣ አላለቀሰም፣ አላስመለሰውም። ታዲያ በምን ማወቅ ነበረብኝ?»

መልስ፦ አስቀድሜ እንኳን ፈጣሪ ማረልዎት እላለሁ። የዘረዘሯቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ትኩሳት፣ ለቅሶና ትውከት፣ ከፍ ያለ ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ሲታመም የምንጠብቃቸው ናቸው። ትልቅ ሰው ሲያመው ያቃስታል፣ የአንድ ዓመት ልጅ ሲያመው ይነጫነጫል፤ የዘጠኝ ቀን ልጅ ግን ሲያመው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። የመከላከል አቅሙ ገና ስላልጎለበተ ኢንፌክሽን ሲገባው የሰውነቱ ሙቀት በመጨመር ፈንታ ሊወርድ ይችላል፤ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ለመተንፈስና ልቡን ለማስመታት ሲቆጥብ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው ከባዱን ሥራውን ነው። የጨቅላ ሕፃን ከባዱ ሥራ መጥባት ነው፤ መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን ሳያምታታ በየተራ ማስኬድ ይጠበቅበታል። ለዚህ ነው ደህና አድርጎ ሲጠባ የቆየ ልጅ መጥባት ሲተው፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ፣ ያው አንዱ ለብቻው ወደ ሕክምና የሚያስኬድ ምልክት የሚሆነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ጤነኛ አራስም ብዙ መተኛቱ ነው። ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቢተኛ የሚያሳስብ አይደለም፤ መታየት ያለበት እንቅልፉ ሳይሆን ከእንቅልፉ የሚነሣበት ሁኔታ ነው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ስላለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአራት ሰዓት በላይ ከተኛ ቀስቅሶ ማጥባት ጨዋነቱን ማበላሸት አይደለም። ሲቀሰቅሱት መጠቅለያውን ይፍቱ፣ የሽንት ጨርቁን ይቀይሩ፣ የውስጥ እግሩን በጣትዎ ደባብሱት፣ ከዚያም ጡትዎን ወደ ጉንጩ ያስጠጉ። ጤነኛ ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እግሩን ይሰበስባል፣ አንዳንዱም ይቆጣና ያለቅሳል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ጡት ፍለጋ ይዞራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይነቃ ከሆነ፣ ነቅቶም ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ የሚዝል ከሆነ፣ ወይም እጁን አንሥተው ሲለቁት እንደ ጨርቅ ዝልፍልፍ የሚል ከሆነ፣ የሚቀጥለውን የመጥቢያ ሰዓት አይጠብቁ።

አማትዎን አይውቀሱ። ይህን ዓምድ የምጽፈው ሰውም በዚያው ዓይነት ስሕተት ውስጥ ያለፍኩ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ ገና አዲስ ጤና ባለሙያ ሳለሁ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ በተረኝነት ባደርኩበት ሌሊት አንዲት እናት ጋቢ ደርባ በሁለት ብርድ ልብስ የጠቀለለችውን የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ይዛ መጣች። «አልጠባም አለኝ» ነበር ያለችው። ብርድ ስለነበር መጠቅለያውን ለመፍታት አልጨከንኩም፤ ፊቱን አየሁ፣ ግንባሩን ዳሰስኩ፣ አልተኮሰም፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ልመልሳት ስል አብራኝ የነበረችው አዋላጅ ነርስ ምንም ሳትናገር ልጁን ተቀብላኝ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ መጠቅለያውን አንድ በአንድ ፈታችው። ደረቱ ሲገለጥ ሁላችንም ዝም አልን፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድን አጥንቶቹ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይል ነበር። ሰዓቷን አውጥታ ትንፋሹን ቆጠረች፤ በደቂቃ 72 ነበር። ልጁ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተላከና ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያልተፈታ ልጅ አይቼ ደህና ነው ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ልጁ በጸጥታ በተኛበት ወይም ጠብቶ በተረጋጋበት ሰዓት ልብሱን ከፍ አድርገው፣ በስልክዎ ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ ሆዱ ሲነሣና ሲወርድ ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለአራስ አይሆንም፤ ምክንያቱም አራስ ልጅ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ እያለ፣ አልፎ አልፎም ለአምስትና ለአሥር ሰከንድ ቆም እያለ መተንፈሱ የተለመደ ነው። በደቂቃ ከ30 እስከ 59 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቂት ቆይተው እንደገና ይቁጠሩ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ ይሂዱ። ደረቱ የሚጎደጉድ፣ ሲተነፍስ የሚያቃስት ድምፅ የሚያሰማ፣ ትንፋሹ ለ20 ሰከንድ ያህል የሚቋረጥ፣ ወይም ከንፈሩና ምላሱ የሚጠቁር ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ግን ሁለተኛ መቁጠር አያስፈልግም። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የእጅና የእግር ጣቶች ብቻ ጠቆር ማለታቸው ከምላስ መጥቆር ጋር አንድ አይደለም፤ ጥቁረቱን የሚያዩት ከቆዳው ላይ ሳይሆን ከድዱና ከምላሱ ነው።

ሌላው በቤት ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፈው መንዘፍዘፍ ነው። በጨቅላ ሕፃን ላይ መንዘፍዘፍ ሁልጊዜ መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ አይደለም፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ሊቀር፣ ጡት ሳይዝ አፉን ደጋግሞ ሊያላምጥ፣ ወይም እግሮቹ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ሊመላለሱ ይችላሉ። ደንገጥ ሲል ወይም ሲርበው የሚንቀጠቀጥ አገጭና እጅ ጤነኛ ልጅም ላይ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ በእጅዎ ቀስ ብለው ይያዙት፣ ሲይዙት የሚቆም ከሆነ የመንዘፍዘፍ ሕመም ላይሆን ይችላል፣ እጅዎ ውስጥም ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ግን ነው።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጃችን ሦስት ሳምንቷ ነው። የሙቀት መለኪያ ገዝቼ በቀትር ብለካት 37.7 አሳየኝ። ጎረቤቶች ‹የአገሩ ሙቀት ነው፣ ውኃ ስጧት› ይላሉ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ደሴ ወላጆቼ ዘንድ ይዘናት ብንወጣ እግሯ በረዶ ሆነ። ቁጥሩን እንዴት እናንብበው? ትኩሳት ከሆነስ ሽሮፕ መስጠት እንችላለን?»

መልስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በወጣና በወረደ ቁጥር ሹራቡን የሚያወልቅና የሚለብስ ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ይረዳዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ልጅዎ የምትሻገረው ሁለት የአየር ጠባይ ነው። አራስ ልጅ ደግሞ እንደ እኛ ተንቀጥቅጣ ለመሞቅ፣ አልቦም ለመቀዝቀዝ ያላት አቅም ትንሽ ነው፤ የለበሰችውና ያለችበት ቦታ በቀጥታ ይነካታል።

በብብት ሥር ሲለካ ጤናማው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መለኪያውን ብብቷ ውስጥ አድርገው ክንዷን ወደ ደረቷ አስጠግተው ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁ። በቀትር 37.7 ቢያዩ፣ ልጅቱ ግን ነቅታ በደንብ የምትጠባ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተደረበውን አንሡ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ሥር ሙቀት አርቃችሁ ነፋሻ ቦታ ላይ አድርጓት፣ እናቷ ታጥባት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ። ከወረደ የልብስ ብዛት ነበር ማለት ነው። ካልወረደ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። 38 ከደረሰ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ያህል ይሁን አልጠባም ማለት፣ መፍዘዝ ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከታከለበት፣ ግማሽ ሰዓቱም አይጠበቅም።

ሽሮፑን በተመለከተ አጥብቄ እምቢ እላለሁ። ከሁለት ወር በታች ላለ ልጅ የትኩሳት ማስታገሻ በቤት ውስጥ መስጠት ሕመሙን ሳያድን ምልክቱን ብቻ ይደብቃል፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ቁጥሩ ወርዶ «ደህና ናት» ሊባል ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ አንቲባዮቲክም እንደዚያው ነው። ውኃም ቢሆን አያስፈልጋትም። የእናት ጡት አብዛኛው ውኃ ነው፤ በኮምቦልቻ ሙቀትም ሆነ ከዚያ በባሰ ቆላ፣ ደጋግማ እስከ ጠባች ድረስ እስከ ስድስት ወሯ ሌላ መጠጥ አትሻም። መጠጣቷ የበቃት መሆኑን ከሽንቷ ያውቃሉ፤ ከአምስተኛ ቀኗ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል ካላረጠበች፣ ሽንቷም ጠቆር ካለ፣ እርግብግቢቷም ገባ ብሎ ከታየ፣ ፈሳሽ ጎድሏታል።

የደሴውን እግር እናንሣ። እግሯ ብቻ ቀዝቅዞ ሆዷ ሞቅ ያለ ከሆነ ብርዱ እየጀመራት ነው፤ ካልሲና ኮፍያ አድርጋችሁ እናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ከላይ ጋቢ ደርባችሁ አሙቋት። ሆዷም ከቀዘቀዘ ነገሩ ከፍ ያለ ነው። መለኪያው ከ35.5 በታች ካሳየ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይዛችኋት ሂዱ፣ በመንገድም ከእናቷ ገላ አትለዩአት። በ35.5 እና በ36.4 መካከል ከሆነ ለአንድ ሰዓት ገላ ለገላ ሙቀት ሰጥታችሁ እያጠባችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ካልጨመረ ሂዱ። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ዘግቶ ማሞቅ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ እናትንም ልጅንም አብሮ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። ልጄ በተወለደ በ3ኛ ቀኑ ፊቱ ቢጫ ሆነ፣ አሁን በ6ኛ ቀኑ ሆዱ ላይም ይታየኛል። ጎረቤት ‹የወፍ በሽታ ነው› ሲል፣ ሌላው ‹ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው ይለቀዋል› ይለኛል። የትኛውን ልስማ?»

መልስ፦ ቢጫነቱ የሚመጣው ቢሊሩቢን ከተባለ ነገር ነው። አራስ ልጅ ሲወለድ በርከት ያለ ቀይ የደም ሴል ይዞ ይወለዳል፤ ይህ ሲፈርስ የሚወጣውን ቢሊሩቢን ጉበቱ ገና በቶሎ ማስወገድ ስለማይችል በቆዳው ላይ ይታያል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጠፋ፣ በደንብ በሚጠባ ልጅ ላይ የታየ መጠነኛ ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይደለም። ከመጠን ሲያልፍ ግን ቢሊሩቢኑ ወደ አንጎል ይገባና የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል፤ መስማትንም እንቅስቃሴንም ሊያጠፋ ይችላል።

ቢጫነቱ ከፊት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሆድ፣ ከዚያም ወደ እግር የሚወርድ ስለሆነ እርስዎ ሆዱ ላይ ማየትዎ ነገሩ እየጨመረ መሆኑን ያሳያል። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና ይታይ፤ በዓይን መገመት ስለሚያሳስት መጠኑ በደም ምርመራ ይለካል። ቤት ውስጥ ማየት ሲፈልጉ በመስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ያድርጉት፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። አፍንጫውን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁ ቆዳው በምን ቀለም እንደሚመለስ፣ የዓይኑ ነጭና ድዱ ምን እንደሚመስል ይመልከቱ። በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ ወደ መዳፍና ወደ ውስጥ እግር የደረሰ ቢጫነት፣ ወይም ከመፍዘዝና ካለመጥባት ጋር የመጣ ቢጫነት ግን አስቸኳይ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ በተለይም ዓይነ ምድሩ ነጣ ያለ ከሆነ፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። የእርስዎ የደም ዓይነት ኦ ወይም አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ለሐኪሙ መንገርን አይርሱ።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ብርሃን ቢሊሩቢንን መሰባበሩ እውነት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚታከመውም በሰማያዊ ብርሃን ነው። ነገር ግን ልጁ በዚያ ብርሃን ሥር የሚተኛው ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ሙቀቱ እየተለካ፣ ለሰዓታት ነው። የደሴ ጠዋት ላይ ለሩብ ሰዓት ልጁን አራቁቶ ማውጣት ከሚያድነው ይልቅ የሚያበርደው ይበልጣል። ስሙ የወፍ በሽታ ተባለም አልተባለ ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምናው ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ ሕክምናውን የሚያዘገይ እስካልሆነ ድረስ።

ጥያቄ፦ «አምስት ቀኗ ነው። ከብልቷ ትንሽ ደም ወጣ፣ ጡቷም አብጧል። እናቴ ‹ጨምቂው› ትላለች። በጣም ፈርቻለሁ።» (ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ ከሚባለው ሰፈር)

መልስ፦ አይፍሩ፣ አይጨምቁትም። በእርግዝና ወቅት ከእርስዎ ወደ እሷ ያለፈው ሆርሞን ሲቀንስ በሴት ልጆች ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ጥቂት የደም ጠብታ፣ በወንዶችም በሴቶችም ላይ የጡት ማበጥ ይታያል፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ጡቱን መጨመቅ ግን መግል ሊያስቋጥር ይችላል። ደሙ ከእትብቷ፣ ከአፏ ወይም ከዓይነ ምድሯ ጋር የሚወጣ ከሆነ ግን ፈጥነው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ከኩታበር ነው የምጽፈው፤ ጽሑፉን የልጅ ልጄ ነው የጻፈችልኝ። እኔ ስድስት ወልጄ አሳድጌአለሁ። ለሁሉም ገና እንደተወለዱ ቅቤ አስልሻለሁ፣ እትብታቸውንም ቅቤ ቀብቻለሁ፤ አንድም አልሞተብኝም። አሁን ምራቴ ‹የጤና ኤክስቴንሽኗ ከልክላለች› ብላ ልጁን እንዳልነካባት ትላለች። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ እማማ፣ ስድስት ማሳደግዎን ያከበረ ሰው ነው ይህን የሚጽፍልዎት። ምንም አላጠፉም፤ እርስዎ ባሳደጉበት ዘመን የተሻለ የነገረዎት ሰው አልነበረም። ነገር ግን እስኪ ከእርስዎ ጋር የወለዱትን የመንደርዎን ሴቶች ያስቡ፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሳይነሣ የቀረ፣ ስሙ እንኳ በወጉ ሳይወጣለት ያለፈ ልጅ የሌለበት ቤት ስንት ነው? በቅርቡም ቢሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር።

ቅቤው ክፉ ሆኖ አይደለም። የአንድ ቀን ልጅ ቅቤ ሲውጥ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ሊያመልጥ ይችላል፣ ይህም የሳንባ ምች ያመጣል፤ ከዚያም በላይ ያቺን ሆዱን በቅቤ ሲሞሏት የእናቱን እንገር አይጠባም። እንገሩ ደግሞ ወፈር ብሎ ቢጫ ስለሆነ የተበላሸ ወተት ይመስላል እንጂ፣ ልጁን ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ስንቁ ነው። እትብቱም ገና ያልደረቀ ቁስል ነው፤ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት ሲነካው ጀርሙ በዚያው በኩል ወደ ደም ይገባል፣ መንጋጋ ቆልፍም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው። ከሽንት ጨርቁ በላይ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይወድቃል። የጤና ኤክስቴንሽኗ የእትብት ቅባት ሰጥታ ከሆነ እንደነገረቻችሁ ብቻ ይቀባ፤ ዓይኑን እንዳይነካ ግን አደራ፣ ዓይን ያጠፋል።

አንድ ሥራ ልስጥዎት። ምራትዎ ደክማለች፣ ሌሊት አይታ ላትለይ ትችላለች፤ እርስዎ ግን ስድስት ልጅ ያየ ዓይን አለዎት። በየጠዋቱ የልጁን ሆድ ገልጠው ይዩለት። በእትብቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ መቅላትና ማበጥ ከጀመረ፣ ቅላቱም ወደ ሆዱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ካለው ወይም ክፉ ሽታ ካመጣ፣ «ይሂድ» የሚሉት እርስዎ ይሁኑ። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነም እንደዚያው፤ ነጭ ወተት ማቅረሸት የተለመደ ነው፣ አረንጓዴ ትውከት ግን አንጀቱ መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል፣ ይህ ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ነው። በዚህ ሰዓት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወስድ ዘመድ ከመጣ፣ ምራትዎ ተሟግታ አትችለውም፤ እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ተቆጥተው ይመልሱታል።

ጥያቄ፦ «ሐርቡ ነው የምንኖረው። የመጀመሪያ ልጄ በታመመ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስንራወጥ ምን መያዝ እንዳለብን ሳናውቅ ወጣን፤ የክትባት ካርዱም የእናቱ የክትትል ወረቀትም ቤት ቀረ። አሁን ሁለተኛ ልጅ እንጠብቃለን። አስቀድመን ምን እናዘጋጅ?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት መጓጓዣውን። የሚያድር ባጃጅ ወይም መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ቁጥር፣ የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥርና የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በር ጀርባ ላይ ይለጠፍ፤ የስልክ ባትሪ የሚያልቀው በዚያው ሌሊት ነውና። ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነ በቀጥታ ወደ ደሴ ለመውጣት አትጣደፉ፤ እዚያው የመጀመሪያ መርፌ ሊሰጠው፣ ኦክስጅን ሊያገኝ፣ ሪፈር ወረቀትም ሊጻፍለት ይችላል፣ እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚደርስ ልጅ ባዶ እጁን ከሚደርሰው ይሻላል።

ልጁ የሚጠባ ከሆነ ከመነሣታችሁና በመንገድ ላይ ይጥባ። መጥባት ካቃተው ግን መውጫ የሌለው ትንታ ስለሚያመጣ በአፉ ምንም አይጨመርለት፤ ብትችሉ ጡቷን አልባ በንጹሕ ስኒ ይዛ ትምጣና ባለሙያ ይስጠው። እናቱ ራሷ መሄድ አለባት፣ በአያት አትወከልም፣ ወተቱም ሙቀቱም ያለው እሷ ዘንድ ነው። በአንቀልባ ከጀርባ አታዝለው፤ ራቁቱን፣ በኮፍያና በሽንት ጨርቅ ብቻ፣ ደረቷ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከላይ ልብሷና ጋቢ ይደረብበት፤ ፊቱ ግን ይታይ፣ ከንፈሩን በየደቂቃው ለማየት የስልክ መብራት ይበቃል።

በአንድ ፌስታል ውስጥ የክትትል ወረቀቷ፣ የልጁ ካርድ፣ የተወለደበት ክብደት የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁለት ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት ገንዘብ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ይቀመጥ። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የጠባው ስንት ሰዓት ነው? ለመጨረሻ ጊዜስ የሸናው?» የሚል ነው፤ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ማንም አያስታውሰውም፣ ስለዚህ በመንገድ ላይ ሳላችሁ ሁለቱንም ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉት።